የቀብቃባው ስም

«እንግዲህ አምለሰትዬ፣ አንቺም ታርፊያለሽ» አለቻት ወርቅአየሁ፣ ፍራሹ ላይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰው እንዴት ዕድሜ ልኩን እንዲህ ተጨቁኖ ይኖራል? ከአሁን በኋላ እንኳን ያማረሽን ግዢ፤ ያማረሽን ብዪ።»

አምለሰት ቀና ብላ አየቻት። ወርቅአየሁ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት አብረው ነው። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ የምትናገረውም ከልቧ አዝና ነው። ነገሩን የባሰ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ለክፉ ሰው ቢሆን መልስ አይጠፋም ነበር።

«ማን ነው የጨቆነኝ?» አለች አምለሰት።

ወርቅአየሁ ሐዘንተኛ እንደሚባበለው የእጇን ጀርባ መታ መታ አደረገችላት። «አይዞሽ፣ ሁሉም ያውቃል» አለችና ንፍሮ ልታቀርብ ተነሳች።

ባሏ ጎበና ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን የተተከለው ከበሩ ውጭ፣ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ልክ ከቤቱ መስኮት ሥር ነው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ፣ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ክፍት ነውና ድንኳን ውስጥ የሚወራው አንድም ሳይቀር ፍራሹ ላይ ይሰማል። ወንዶቹ ይህን አያውቁም። ወንዶች የማያውቁት ብዙ ነው።

«አንድ ሻይ፣ ሁለት ብርጭቆ» አለ አንዱ ከድንኳኑ። «ነፍሱን ይማረውና፣ አስተናጋጁ ገና ከሩቅ ሲያየው ባዶውን ብርጭቆ ጨምሮ ነበር የሚያመጣለት።»

ለቅሶ ቤት ነውና ሳቁ ታፍኖ ተሳቀ።

«ኮሌታውስ?» ይሄኛው የእድሩ ዳኛ የአቶ ለይኩን ድምፅ ነው፤ ከጎበና ጋር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ኖረው አብረው ጡረታ የወጡ ናቸው። «ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሲያልቅ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ያስገለብጠዋል። የተገለበጠው ሲያልቅ ደግሞ 'አሁን ገና የቤት ልብስ ሆነ' ይላል።»

«ሚስኮሉን ረሳችሁት እንዴ? አንዴ ጠርቶ ከዘጋ 'ታክሲ ይዣለሁ' ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ 'ዣንጥላ ይዘሽ ውረጂ'። ሰውዬው ስልክ ገዝቶ አንድ ቀን ሳያወራበት ሞተ።»

አምለሰት ጉልበቷን አቅፋ ሰማች። ሻዩ የእሷ ነው። ኮሌታውም የእሷ ነው። ሚስኮሉንማ፣ ሦስቴ ከተጠራ ምን ማለት እንደሆነ ጭምር፣ ራሷ ናት ቁጭ ብላ ያወጣችው። ጎበና ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከራሱ አፍልቆ አያውቅም።

ጎበና ማለት ኪሱ ቀዳዳ ሰው ነበር። የሰው ፊት አይቶ እምቢ ማለት የማይሆንለት፣ ሎተሪ አዟሪ በጠራው ቁጥር የሚቆም፣ ሁለት ሰው ካገኘ ለአምስት የሚያዝ። ሲጋቡ የነበረው ሀብት አንድ አልጋ፣ አንድ ራዲዮና ብዙ ጓደኛ ነበር። ቁጠባን ወደዚህ ቤት ይዛ የገባችው እሷ ናት። ታዲያ የካ በሙሉ ለምን «ቀብቃባው ጎበና» ይለዋል?

ነገሩ የተጀመረው በተጋቡ በዓመቱ፣ መገናኛ አካባቢ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ከነሚስቶቻቸው እሁድ ከሰዓት ተቀጣጥረው ወጡ። አምለሰት ያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ናት፤ ለቤታቸው ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ማጠራቀም ጀምራለች፤ ኬክ ባየች ቁጥር የሚታያት ምስማር ነው። አስተናጋጁ ሲመጣ ማንም ሳይቀድማት፣ «እኛ ቤታችን በልተን ነው የመጣነው፤ አንድ ሻይ ለሁለት ይበቃናል» አለች።

 ከሚስቶቹ አንዷ ቅንድቧን ሰቀለችና «ኧረ ሙሽሪት፣ ገና ከአሁኑ?» አለች። የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። «ንፉግ» የሚለው ቃል አንዲት ሴት ላይ አንዴ ከተለጠፈ አይለቅም።

የቀደመው ጎበና ነው። በዚያ ሰፊ ሳቁ ሳቀና፣ «እኔን ውቀሱ» አለ። «ከቤት ስንወጣ ያስጠናኋትን ነው የምትላችሁ። እሷ ብትለቀቅማ አገር ታበላለች። ቀብቃባው እኔ ነኝ።»

ታክሲ ሳይዙ ወደ የካ ሽቅብ ሲወጡ፣ ይሄም የእሷ ሐሳብ ነው፣ ለምን እንደዋሸ ጠየቀችው።

«ወንድ ሲቋጥር ቢበዛ ቀብቃባ ይባላል፤ ይሳቅበታል፣ ያልፋል» አላት። «ሴት ስትቋጥር ግን ንፉግ ናት። እናቴ ይህን ብትሰማ ቤታችን እህል አትቀምስም። ስሙን ለእኔ ተዪልኝ አምሌ፤ ሥራውን አንቺ ሥሪ።»

እሷም ሠራች። ደግሞስ እንዴት ያለ ሥራ! ቁጠባ ለአምለሰት ችጋር አልነበረም፤ ሙያ ነበር፣ ሌላዋ ሴት በዶሮ ወጧ እንደምትመሰገንበት ያለ ሙያ። ሾላ ገበያ የምትወርደው ቀኑ ሊመሽ ሲል ነው፤ ነጋዴዋ ቲማቲሙን ተሸክማ ከመመለስ ባገኘችው የምትሸጥበት ሰዓት ነውና። ምስሩን ነክራ፣ ጠዋት አንዴ ካፈላችው በኋላ ድስቱን አውርዳ በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች፤ አስተምራ ስትመለስ በገዛ ሙቀቱ በስሎ ይጠብቃታል። ከሰሉ አመድ ውስጥ ታፍኖ ለማታ ይተርፋል። ምስሩ የታጠበበት ውኃ ጓሮ ያለውን ጎመን ያጠጣል። ለበዓል ከልኳንዳ ሥጋ መግዛት አታውቅም፤ ጎረቤቱን አስቀድማ አስተባብራ ቅርጫ ታስገባለች። ወርቅአየሁ ራሷ ስንቱን ፋሲካ የፈሰከችው በእሷ ቅርጫ ነው። ብቻ በሬውን ተከራክሮ የሚገዛውም፣ ስሙ የሚጠራውም ጎበና ነበር።

እሁድ እሁድ ደግሞ እንጦጦ ይወጣሉ፤ በእግር። በሶው በዕቃ፣ ቆሎው በፌስታል፣ ውኃው ከቤት ተቀድቶ በሃይላንድ። ሌላው ሰው ከፍሎ በሚቀመጥበት ትይዩ እነሱ ባሕር ዛፍ ሥር ነጠላ ዘርግተው ይቀመጣሉ። «ሁሉም የሚያየው ያንኑ አዲስ አበባን ነው» ትላለች አምለሰት፣ ከተማውን ራሷ የሠራችው ይመስል እየተኩራራች። ፓርኩ ከተሠራ በኋላ የኪራይ ፈረስ መጣ። ጎበና አንድ ቀን ፈረሱን ቆሞ ሲያየው ቆየ። አየችው። ማየቷን አየ። «የእኔ ክብደት ለፈረሱ ያሳዝናል» አለና ለባለፈረሱ እጁን አውለብልቦ አለፈ። ሲመለሱ የወደቀ ጭራሮ ይለቅማሉ፤ ጎበና ኮቱን እንደለበሰ ጭራሮ በብብቱ ሸጉጦ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ይስቃል።

«ጎቤ፣ ሽርሽር ነው ወይስ እንጨት ለቀማ?»

«ሁለቱም። ባዶ እጄን መመለስ አልወድም። ምስኪን ሚስቴን አስቸገርኳት።»

ምስኪኗ ሚስት ከኋላው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ትውጣለች።

ከሥራ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬ ምን ተባልኩ መሰለሽ?» ይላታል። አንድ ቀን «'የጎበና ኪስ ደብረ ዳሞ ነው፤ ያለ ገመድ አይወጣበትም' ተባልኩ» ብሏት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ያንቺ ነው እኮ፤ እኔ ተቀብዬልሽ ነው» ይላታል ሁልጊዜ። አምለሰት በትምህርት ቤት ስንት የምስክር ወረቀት ተሰጥቷት ይሆናል፤ እንደዚያ ያኮራት ግን የለም።

አሁን ወንዶቹ መስኮቱ ሥር ይስቃሉ፤ የተባለውን ተቀብሎ የሚያመጣላት ግን የለም። ብቻዋን ሰማችው። 

ከሰዓት በኋላ ልጇ ሔራን ከሲ.ኤም.ሲ በመኪናዋ ጭና ያመጣችው የታሸገ ውኃ ታደለ። ለቀስተኛው አንድ ሁለቴ ይጎነጭና ያስቀምጠዋል። ግማሽ የቀረለት ፕላስቲክ በየመስኮቱ፣ በየጥጉ ሞላ። አምለሰት ለመቻል ሞከረች። ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዓይኗ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ከፍራሹ ተነስታ አንድ በአንድ እየለቀመች ለጎመኑ ብላ ባልዲ ውስጥ መገልበጥ ጀመረች።

«እዩዋት» አለች አንዷ ከጥግ። «ዛሬም እሱን እየፈራች ነው።»

ሔራን መጥታ የእናቷን ክንድ ያዘችና ወደ ጓዳ አስገባቻት። በሩን ገጠም አደረገችው።

«እማዬ፣ በናትሽ ተዪው» አለች። «የለም እኮ አሁን። ማንም አይቆጣሽም። ፕሊስ፣ ዘና በይ።»

«ማን ተቆጥቶኝ ያውቃል?»

«አንቺ አትናገሪበትም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አልረሳሁም። ጓደኞቼ ሁሉ ሆቴል ሲደግሱ እኔን በእድር ድንኳን ነው የዳረኝ። ይኸው አሁን ደጅ የተተከለው ድንኳን ነው እኮ። 'አዳራሽ ለሰዓታት ነው፤ ትዳር ለዕድሜ ልክ ነው' ብሎ። ሳለቅስ እያየኝ።» ሔራን እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «አባቴ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ትናንት አፈር ሲለብስ የመጣብኝ ያ ነገር ነው። አስቢው እማዬ። አባቴ እየተቀበረ እኔ የማስበው ስለ አዳራሽ ነው።»

አምለሰት አፏን ከፈተች። «አዳራሽ ለሰዓታት ነው» የሚለው ቃል የራሷ ነው፤ ጎበና ሳይጨምር ሳይቀንስ ወስዶ ነው የተናገረው። ልትነግራት ነበር። ግን ሔራን ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ይህ ቂም ከመቃብሩ ተነስቶ ወደ እሷ ቢመጣስ? ሙት ቂም አይሰማውም። እሷ ግን ይሰማታል። አፏን መልሳ ዘጋችና የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች። ያን ያደረገችው ፈርታ ነው፤ መፍራቷንም አወቀችው።

ወደ ፍራሹ ስትመለስ የጎበና ታላቅ እህት አስያ እያለቀሰች ታወራለች። ከሱሉልታ ለቀብሩ መጥታ እዚያው ያደረች ናት።

«ልጅ ሆኖ እንዲህ አልነበረም እኮ» ትላለች። «ምሳውን ለሰው ልጅ ሰጥቶ ጦሙን የሚውል ነበር። እናታችን 'ይሄ ልጅ የሚሰጠው ሲያጣ ራሱን ይሰጣል' ትል ነበር። ከተማ ነው ያበላሸው። ያን የመሰለ ልጅ ከተማ አበላሸው።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እንግዲህ የጎበና ነገር ተፈረደ ማለት ነው፤ ደግ ሆኖ ተወልዶ ቀብቃባ ሆኖ ሞተ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለጎበና ከመቃብር በላይ የዋለለት ስም የራሱ እንኳ አይደለም። ነገ ሣልስት ነው፤ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰው ወደየቤቱ ይበተናል፣ የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጸናል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞረች «ኧረ እንዲህ አይደለም» ልትል ነው?

ደግሞም እውነቱን እንናገር፣ ቅናትም ነበረበት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራችበት ሙያ በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ፣ ያውም እንደ ነውር ተጠርቶ ሊቀበር ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚለው ሰው ሁሉ፣ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ለምን አንዱን ቀብቃባ ሌላውን ምስኪን እንዳደረገ አልገባትም።

በሣልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ወደ መንገዱ ተረፈ። አቶ ለይኩን ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው እድሩን ወክለው የጎበናን ነገር ተናገሩ። የት እንደተወለደ፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ሰው አክባሪነቱን። ሴቶቹ በመስኮቱ ይሰማሉ።

«ወንድማችን ጎበና እጁ ጠበቅ ያለ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ውስጥ ፍቅርም አለ። «ሰው ያለ ጉድለት አይፈጠርም። ያቺን ጉድለት እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

«አሜን» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

አምለሰትን ያስነሳት ይህ አሜን ነው። ስትወጣ ሴቶቹ ልትጮህ ነው ብለው ተከትለዋት ወጡ። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ወንዶቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ የሟች ባለቤት በሣልስት ወንዶቹ መሃል ገብታ መናገር የተለመደ አይደለም። ሙሾም በዚህ ሰፈር ከቀረ ቆይቷል። እሷ ግን ደረቷ ላይ እጇን አጣምራ፣ እናቷ ታወጣው በነበረው ዜማ አወጣችው፦

ቆጣቢዋስ እኔ፣ ስሙን የወሰደው፣
ጎበናዬ ነበር፣ ሐሜት የለመደው።

ድንኳኑ አልገባውም። አቶ ለይኩን ባርኔጣቸውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየሩ። አምለሰት ዜማውን ትታ እንደ አስተማሪ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አቶ ለይኩን፣ 'ይቅር ይበለው' ያሉት የማንን ጉድለት ነው? ሻዩን ለሁለት የከፈልኩት እኔ ነኝ። ኮሌታውን ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሚስኮሉንም እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ሦስቴ ሲሆን 'ዳቦ አለ፣ እንዳትገዛ' ማለት ነው፤ ያንን አላወቃችሁትም። ጎበና እጁ ላይ ሳንቲም አያድርም ነበር። አስያ፣ ከተማ አላበላሸውም። ሚስቱ ንፉግ እንዳትባል ብሎ ነው ቀብቃባ የተባለው። እናንተ ትስቁበታላችሁ፣ እሱ ማታ መጥቶ ይነግረኛል፣ እኛ ደግሞ በእናንተ ስንስቅ እናመሻለን።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የወጣሁት» አለች። «እዚህ ቤት ላይ ጣሪያ የወጣው በዚያ ቁጠባ ነው። ልጄ የተማረችው በዚያ ነው። እኔና እሱ የማንም ደጅ ቆመን አናውቅም። በዚያ ቅርጫ ደግሞ እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቶቻችሁ በዓል ውላችኋል። እኮራበታለሁ። ግን የእኔ ነው። የእኔን ሙያ ወስዳችሁ እሱ ላይ ኃጢአት አታድርጉብኝ። ለእሱ የሚባል ካለ፣ የሚስቱን ስም በራሱ ስም የጋረደ ባል ነበር በሉት።»

«የሠርጌስ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሔራን ናት፤ ፊቷ ነጥቷል።

አምለሰት ዞረች። የፈራችው ይኸው ደረሰ።

«ድንኳኑም እኔ ነኝ ልጄ። 'አዳራሽ ለሰዓታት ነው' ያልኩት እኔ ነኝ። አባትሽማ አዳራሽ እንያዝላት ብሎ ስንት ጊዜ ለምኖኛል። እምቢ አልኩት። ዛሬም ብትጠይቂኝ መልሴ ያው ነው።»

ሔራን ዞር ብላ በሰዉ መሃል አልፋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን ዳገት ይዛ ሄደች። አምለሰት ልትጠራት ፈለገች፤ አልጠራቻትም።

አቶ ለይኩን ወደ ሰዉ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ 'ይቅር ይበለው' ያልኩትን አንስቻለሁ» አሉ። «ሥራ ላይ እያለን ሁሉ 'ቀብቃባው' ስለው አንድ ቀን ተከፍቶብኝ አያውቅም። እኔ ደንዳና ነው ብዬ ነበር የማስበው።» ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ነፍሱን ይማረው ብቻ በሉልኝ።»

«ነፍሱን ይማረው» አለ ድንኳኑ፤ የበፊቱ አሜን እንዲህ አልከበደም ነበር።

አስያ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ አምለሰት አንገት ላይ ተጠመጠመች። በኦሮምኛም በአማርኛም እያቀላቀለች ታለቅሳለች። «ያው ነበራ» ትላለች። «ያው የእናቴ ልጅ ነበራ። የሚሰጠው ሲያጣ ስሙን ሰጠ።»

ወርቅአየሁ ግን ወዲያው አልቀረበችም። አምለሰት ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ መጣችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «እኔ እኮ ሳዝንልሽ ነው የኖርኩት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ?»

«በከንቱ አይደለም። ባዘንሽልኝ ቁጥር ጎመን ታመጪልኝ ነበር። እሱም ቁጠባ ነው» አለች አምለሰት። ወርቅአየሁ ሳትፈልግ ሳቀች፤ እየሳቀች ደግሞ አለቀሰች።

ሔራን የተመለሰችው ወጣቶቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ሲጀምሩ ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ከእናቷ በስተግራ ተቀመጠች።

«የሠርጌ ዋዜማ ምን እንዳልኩት ነግሮሻል?» አለች።

«ነግሮኛል።»

«'አንተ አባት አይደለህም፤ ካዝና ነህ' ነው ያልኩት።»

«ያችኑ ነው የነገረኝ። ገና ከበሩ ሲገባ 'ዛሬ የተቀበልኩልሽ ከባድ ነው አምሌ፤ ቁጭ ብለሽ ስሚ' አለኝ። በዚያን ቀን ብቻ አልሳቅንም። 'ሄጄ እነግራታለሁ' አልኩት። ያዘኝ። 'ልጅቷ ከእናቷ ጋር ተኳርፋ አትሞሸርም፤ ተዪው፣ እኔ እችለዋለሁ' አለኝ።»

ሔራን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።  አምለሰት እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገችላት፤ ትገፋኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልገፋቻትም።

«በጣም ተናድጄብሻለሁ እማዬ።»

«ተናደጂ። የነገሩ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ላይ አትወርውሪው።»

«እሱ ላይ ነበር የወረወርኩት። ያን ሁሉ ጊዜ።» ሔራን ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «በቀብሩ ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው አባቴ የሞተብኝ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ ስለ አዳራሽ ሳይሆን ስለ አባቷ። ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ፣ ሕፃን ሆና ታደርገው እንደነበረው፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ አለቀሰች። አምለሰት ጸጉሯን እየዳበሰች ቆየች። ልጇ ተቆጥታባታለች፤ ቁጣው ገና ብዙ ቀን ይኖራል። ቢሆንም ጎበና አሁን የራሱ ልቅሶ ደርሶታል፤ ለእሷ ይህ ይበቃታል።

ድንኳኑ ተነስቶ ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ፣ ዘግይተው የሰሙ ሁለት ሴቶች ከታችኛው ሰፈር መጡ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቁልቁለቱን ወርዷል መሰለኝ፣ ገና ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ተንሾካሾኩ።

«የትኛዋ ናት?»

«ያቺ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው።»

«ለካ ቀብቃባዋ እሷ ኖራለች።»

አምለሰት ሰማች። በዚህ ሁሉ ዘመን ስሙ ለራሷ ሲሰጣት ይህ የመጀመሪያው ነው። ጀርባዋ ቀጥ አለ፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሐዘኗ እንዳለ ሆኖ ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ መጣ። ወዲያው ቀኝ ክርኗ ከነጠላው ሥር ወጥቶ ጎኗ ያለውን ሰው ሊጎስም ሄደ፣ «ሰማህ?» ሊል። ክርኗ የሚያገኘው ጎን አጣና፣ ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ አረፈ።